ያጨበጨብነው ለአያ የኔሰው ነበር

ለክቡር አቶ ስጦታው ፋንታ
የማኅበራት ንብረት ጥበቃ ማስተባበሪያ ኃላፊ
ሞጣ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ከቢቸና ተነሥቶ፣ ደብረ ወርቅን አልፎ፣ ሞጣ አዲሱ ቢሮዎ ድረስ በደኅና እንዲገባልኝ እመኛለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? አዲሱ ወንበርዎ የሚሽከረከር ነው ሲሉ ሰምቼ ራስዎን እንዳያዞርዎት ሰግቻለሁ። እኛ እዚህ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ጤፉ ታጭዶ ተወቅቷል፣ የጠዋቱ ውርጭ ጠንክሯል፣ ከእርስዎ ጤንነት በቀር የሚያሳስበን ብዙ ነገር የለም።

ስሜን ዘንግተውት ከሆነ ሰገነት ሣህለ ማርያም እባላለሁ፤ አራተኛ ክፍል ሳሉ አማርኛ ያስተማርኩዎት ነኝ። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ፣ በሟቹ ባለቤቴ በአቶ አካለ ወልድ ምትክ፣ የምንጭ በር ሁለገብ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ሆኛለሁ። ለሌላው አንባቢ ለመግለጽ ያህል፣ ይህ ማኅበር እርስዎ ወደ ሞጣ ተሹመው እስኪሄዱ ድረስ በሥራ አስኪያጅነት የመሩት ነው። አንተ ሲል የኖረውን አፌን እርስዎ ማለት ሳለማምደው ሰንብቻለሁና በመካከሉ ቢያዳልጠኝ በእርጅናዬ አሳበው ይለፉኝ።

ደብዳቤውን በአደባባይ ማድረጌ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ከዚህ በፊት በፖስታም በሰው እጅም ጽፈንልዎት ነበር፤ ጸሐፊዎ ደብዳቤው «እየታየ ነው» ብላናለች፣ እስካሁንም እየታየ ይመስለኛል። የእኛ ጉዳይ ግን ቀጠሮ አለው። የመጋዘናችን ጠባቂ ፈንታነሽ በመጪው ጥር እምነት በማጉደል ወንጀል ተከሳ ችሎት ፊት ትቆማለች። ከዚያ በፊት ቢቸናም፣ ሞጣም፣ ደጀንም ያለ ሰው ነገሩ እንዴት እንደሆነ ቢያውቀው ደስ ስለሚለኝ፣ ለእርስዎ ያለኝን ምስጋና በቁጥር እየለየሁ አቀርባለሁ።

አንደኛ። ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ስለተደረገው ጠቅላላ ጉባኤ አመሰግናለሁ። የእኛን ጉባኤ አወሳሰን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። እኛ ዘንድ እጅ ማስቆጠር ሰውን ከሰው እንደ መለየት ስለሚታይ አይወደድም። ሰብሳቢው ነገሩን ያነብና «ከተስማማን» ይላል፤ እናጨበጭባለን፣ ጸደቀ ይባላል። ያልተስማማ ሰው ካለ ያስላል፤ በጣም ያልተስማማ ደግሞ ውኃ ሽንት መጣብኝ ብሎ ይወጣል። ማኅበሩ ከተመሠረተ ጀምሮ በዚህ ስንተዳደር ኖረናል፣ ይህንንም ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም።

በዚያን ቀን ዳቦውና ለስላሳው ከታደለ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ነጠላውን ማጣፋት ሲጀምር፣ «ልዩ ልዩ» የሚለው የመጨረሻው አጀንዳ ላይ ደረስን። እርስዎም አያ የኔሰውን ወደ መድረክ ጠሩ። አያ የኔሰው ማለት ማኅበሩ ሲቋቋም መጋዘኑ የሚሠራበትን መሬት ከገዛ ማሳቸው ቆርሰው የሰጡ፣ ድንጋዩንም ከእኛ ጋር የተሸከሙ አዛውንት ናቸው። ዳሩ በወርቃማ ጥልፍ የተዘመዘመ ጥቁር ካባ ደረቡላቸው። ያላለቀሰ አልነበረም። መዳፋችን እስኪግል አጨበጨብን፣ ሴቶቹ በእልልታ አዳራሹን አናጋነው። እርስዎ በጆሯቸው አንድ ነገር ሲያንሾካሹኩላቸው አይቼ ምን ያህል ትሑት ልጅ አስተምሬአለሁ ብዬ ኮርቼ ነበር።

ከወራት በኋላ ቃለ ጉባኤው ሲነበብልን፣ በዚያ ጭብጨባ መጋዘናችንን ለሠላሳ ዓመት ለአንድ የንግድ ድርጅት አስተላልፈን ኖሯል፤ ድርጅቱም የባለቤትዎ ወንድም ንብረት ሆኖ ተገኘ። «በሙሉ ድምፅና በሞቀ ጭብጨባ ጸደቀ» ይላል። ሞቀ የሚለው ቃል እውነት ስለሆነ አላስተባብልም፣ በእውነትም ሞቆ ነበር። ስለ እልልታው ምንም አለመጻፉ ግን እኛን ሴቶቹን ቅር አሰኝቶናል።

ሁለተኛ። ማንነታችንን እንድናይ ስለረዱን አመሰግናለሁ። እርስዎ በተሾሙበት ሳምንት አንድ ጎረምሳ ከቢቸና ገበያ ፍየል ሲሰርቅ ተያዘ። ፍየሏን አሸክመው ገበያውን አዞሩት፣ ልጆች ተከትለው ጮኹበት፣ ፍርዱንም ተቀብሎ ታሰረ። እኅቱን ሊያጭ የመጣው ሽማግሌ የሌባ ዘር ነው ብሎ ተመልሷል። በዚያው ሳምንት ለእርስዎ ሽኝት በሬ ጣልን። አንዱ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው እንደ አንተ ያለውን ያብዛልን ብለው መረቁ፣ እኛም አሜን አልን፤ አሁን ምርቃቱ እንዳይደርስ ስእለት ገብተናል።

ጠበቃችን ሕጉ ሁለቱንም እኩል ያያል ይላሉ፤ ይሁንላቸው። አገሩ ግን አጥር ዘሎ የገባውን ሌባ ይለዋል፤ በዋናው በር ገብቶ፣ ጸሎት አስደርጎ፣ አጀንዳ አስጸድቆ፣ ከረባቱን አስተካክሎ የወሰደውን ደግሞ ጎበዝ፣ ያውቅበታል ይለዋል። ፍየሏ የአንድ ሰው ነበረች። መጋዘኑ ግን ከየማሳው ጤፉን ተሸክሞ የሚመጣ የስንት ቤት ጎተራ ነው። ያ ካልኖረን እኽላችንን በአጨዳ ወቅት፣ ዋጋው ወድቆ ሳለ፣ ለመጣው ነጋዴ ሁሉ እንጥላለን። ይህንን እርስዎ ራስዎ በየስብሰባው በጠመኔ ሥለው ያስረዱን ስለነበር መድገም አያስፈልገኝም። ያኔ ለምን እንደሚያስረዱን አልገባንም እንጂ፣ ለእርስዎስ ገና ድሮ ገብቶዎት ነበር።

ሦስተኛ። ፈንታነሽን ስላስተዋወቁን አመሰግናለሁ። እርግጥ ፈንታነሽን እኛ ራሳችን መርጠን የመጋዘን ጠባቂ ካደረግናት ቆይቷል፤ ማን እንደሆነች ግን ያወቅነው ከፋሲካ በኋላ ነው። የባለቤትዎ ወንድም ከደጀን የጭነት መኪናና የጉልበት ሠራተኞች ይዞ፣ ላስቲኩ ያልተቀደደ አዲስ ቁልፍ በእጁ አንጠልጥሎ መጣና መጋዘኑን አስረክቢኝ አላት። አባላቱ ያውቃሉ ወይ ብላ ጠየቀችው። አጨብጭበዋል አላት። «እንግዲያው ያጨበጨቡት ይምጡና በእጃቸው ከእጄ ይውሰዱት፤ ቁልፉን የሰጡኝ እነሱ ናቸው» ብላ በሩን ዘጋች፣ ቁልፉን በመቀነቷ ቋጥራ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። መኪናው ባዶውን ሲመለስ ከገበያ የሚመጡ ሰዎች አይተውታል።

ለዚህ ሥራዋ የተሰጣት ስም እምነት ማጉደል ነው። አቤቱታውን ያቀረበውና እንዲህ ብሎ የሰየመው ሰው አማርኛው የሚደነቅ ነው፤ ዕድሜ ልኬን አማርኛ ሳስተምር ለእንዲህ ያለ ሥራ እንዲህ ያለ ስም ማውጣት አልመጣልኝም። የምናምነው ሰው ሲሸጠን ሹመት ሆነ፣ የምናምናት ሴት አልሸጥም ስትል ወንጀል ሆነ። ታስራ በሰነበተችበት ጊዜ ልጆቿ ከጎረቤት እየበሉ አደሩ። በዋስ ያስወጣት ከሞጣ ድረስ የመጣው አቶ ሐምዱ ነው። አቶ ሐምዱ ቤተሰቡ ሞጣ ላይ በንግድ የኖረ፣ ጤፋችንንም ለብዙ ዓመት ከፈንታነሽ እጅ የገዛ ነጋዴ ነው። ለማትዛመድህ ሴት ሱቅህን ለምን ታስይዛለህ ቢሉት፣ «ሚዛኗን አውቀዋለሁ» ከማለት በቀር ሌላ አልተናገረም። ሱቁ ከቢሮዎ ትይዩ ነው አሉ፤ ጠዋት ጠዋት ሰላም እንደሚባባሉ ተስፋ አለኝ።

አራተኛ። ይህኛው ከድምፅ ቅጂ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ጠበቃችን ለጊዜው ይቆይ ብለውኛል። ቦታውን ባዶ ትቼልዎታለሁ። ምን ሊሆን እንደሚችል ከእኔ ይልቅ እርስዎ ስለሚያውቁት፣ ጊዜ ሲያገኙ ሞልተው ቢልኩልን ሥራ ያቃልሉልናል።

አምስተኛ። ሐቀኞች መሆናችንን በፍርድ ቤት ስላስመሰከሩልን አመሰግናለሁ። ርክክቡ እንዲታገድልን ከስሰን ችሎት ስንቀርብ፣ የባለቤትዎ ወንድም ጠበቃ ለእያንዳንዳችን አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር ያዘጋጀው። በዕለቱ አጨብጭበዋል ወይስ አላጨበጨቡም? ለምንድን ነው ያጨበጨቡት የሚል ጥያቄ አልነበረውም። መጽሐፍ ይዘን የማልን ሰዎች ነንና አንዱም የካደ የለም፤ ሁላችንም በየተራ አጨብጭቤአለሁ እያልን ወረድን። አያ የኔሰው እንኳ፣ «ለራሴ ማጨብጨቡ አሳፍሮኝ ነበር፤ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ ዝም ማለትም ነውር መሰለኝና ትንሽ አጨበጨብኩ» ብለው ችሎቱን ሁሉ አሳቁት። ከመካከላችን ጥቂት ውሸታሞች ቢኖሩ ኖሮ ሳናሸንፍ አንቀርም ነበር። በዳኛው ቅሬታ የለኝም፤ የቀረበላቸውን ነው ያዩት። በጊዜያዊነት የተሰጠን ዕግድ ተነሣ፣ እኛም ይግባኝ አልን።

አያ የኔሰው ከችሎት እንደወጡ ካባውን አጣጥፈው ለጠበቃችን በማስረጃነት አስረከቡ። «በእኔ ጀርባ ላይ ነው የሸጡት፣ ጀርባዬን ግን መስጠት አልችልም» አሉ። ያን ዕለት እንደ እሳቸው ያለ ሰው ሲዋረድ ማየቴ አንጀቴን አሳርሮታል።

አሁን ያለንበትን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። ይግባኙ ገና አልታየም። ቁልፉ የፈንታነሽ ጉዳይ እስኪወሰን በኤግዚቢትነት ተይዟል። ጥር ላይ ነጻ ከወጣች በሩ ለእኛ ይከፈታል። ከተፈረደባት እሷ ወደ ማረሚያ ቤት ትሄዳለች፣ ቁልፉም በቀጥታ የባለቤትዎ ወንድም ኪስ ይገባል። ከልጆቿ ትልቋ ገና ሰባተኛ ክፍል ናት።

ስጦታው፣ አንተ ልጅ፣ ያቺ ሴት ምን አደረገችህ? ሥራ አስኪያጅ ሆነህ ስትመጣ ቢሮህን ጠርጋ፣ ጠረጴዛህን ወልውላ የተቀበለችህ እሷ አይደለችም? አባትህ ሲያርፍ ለሐዘንተኛ ዳስ የሚሆነውን የመጋዘኑን ሸራ በራሷ ጀርባ ተሸክማ ያመጣችው እሷ አይደለችም? ድፍን መጋዘን አልበቃ ብሎህ ነው የእሷን ስም የምትጨምርበት?

ይቅርታ፣ ክቡርነትዎ። እንደፈራሁት አዳለጠኝ። ወደ ምስጋናዬ እመለሳለሁ።

ስድስተኛውና ዋናው ምስጋናዬ መናገር ስላስተማሩን ነው። በመተዳደሪያ ደንባችን አባላት ሲጠይቁ አስቸኳይ ጉባኤ መጥራት እንደሚቻል ያወቅነው በእርስዎ ምክንያት ነው። በኅዳር ጽዮን ማግሥት፣ አዳራሹን ስለከለከሉን፣ በተዘጋው መጋዘን ፊት ሜዳው ላይ ተሰበሰብን። የሰበሰቡን አያ የኔሰው ነበሩ። «ዛሬ የሚያጨበጭብ ካለ ከወዲሁ ወደ ቤቱ ይሂድ» ብለው ጀመሩ። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ተነሥቶ፣ ስሙን ከነአባቱ ስም ጠርቶ፣ መጋዘኑን ለማንም ሰጥቶ እንደሆነና እንዳልሆነ፣ ፈንታነሽ እምነት አጉድላ እንደሆነና እንዳልሆነ በአፉ እንዲናገር ተባለ።

ከጠዋት እስከ ከብት መግቢያ ፈጀ። በሕይወታቸው ሰው ፊት ቆመው ተናግረው የማያውቁ ሴቶች ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ተነሡ፣ ሸፍነውም ቢሆን ተናገሩ። አንዷ ስሟን ተናግራ ሌላውን ማለት አቃታትና አለቀሰች፤ እስክትጨርስ ሁላችንም ጠበቅናት። ፈራን ያሉ ነበሩ፤ ልጃቸው በእርስዎ ቢሮ ሥር የሚሠራ አንድ አባት እኔ በዚህ ነገር የለሁበትም አሉ፣ ቆመው ስላሉት አመሰገንናቸው። ያሳለም፣ ውኃ ሽንት መጣብኝ ያለም አልነበረም። እኔ በአስተማሪነቴ ብዙ ዓመት ተናገሩ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ ስል ኖሬ እንደዚያ ቀን ያለ ክፍል አስተምሬ አላውቅም።

የወሰንነውም ይህ ነው። መጋዘኑን ለማንም አልሰጠንም። ፈንታነሽ የተሰጣትን አደራ ጠብቃለች፤ ከፈንታነሽ ጋር ቆመን እንመሰክራለን። የዘንድሮው ጤፋችንም ወደ ነጋዴ አይሄድም። በዚህ መሠረት፣ በሩ ባይከፈትልንም፣ ጆንያዎቻችንን በሩ ላይ ደርድረን፣ ሸራ አልብሰን፣ በየተራ እየጠበቅን ነው። የየጁቤና የሉማሜ ሰዎች ሊያዩ እየመጡ ነው፤ አንዳንዶቹ የየራሳቸውን ቃለ ጉባኤ ሊያስነብቡ ሄደዋል ሲባል ሰምቻለሁ። የባለቤትዎ ወንድም መኪናውን ይዞ ቢመጣ መጀመሪያ የእኛን እኽል ከበሩ ማንሣት አለበት። ያንን ለማድረግ ደግሞ አባላቱ ሁሉ ባሉበት፣ በቀን፣ ዓይናችን እያየ መሆን ይኖርበታል።

ክቡር ሆይ፣ እኛን ማስፈራራት ከፈለጉ ሊቸግርዎት ነው፤ ያለን መጋዘን ነበር፣ እሱን ወስደዋል። ሥልጣን ካለዎት ይጠቀሙበት፣ ዘመድ ካለዎት ይጥሩት። እኛ ጥር ላይ ፍርድ ቤት እንገኛለን፣ ይግባኙ ሲታይም እንገኛለን፣ ከዚያ በላይ ያለ ችሎት ካለም መንገዱን ጠይቀን እንሄዳለን። ጠበቃው ዘንድሮም ለምን አጨበጨባችሁ ብሎ ባይጠይቀንም፣ እኛ ሳንጠየቅ እንናገራለን።

ከፍ ካለ አክብሮትና ከዚያም ከፍ ካለ ቁጣ ጋር፣ ለሹመትዎ መልካም ዘመንን፣ ለሚጠብቁት የማኅበራት ንብረት ሁሉ ደግሞ እግዚአብሔር ራሱ ጠባቂ እንዲሆንለት እየተመኘሁ፣ በተዘጋ በር ፊት ጤፏን ደርድራ ከተቀመጠችው፣ ከቀድሞ አስተማሪዎ፣

ሰገነት ሣህለ ማርያም
ቢቸና፣ ታኅሣሥ

ማስታወሻ፦ ይህንን ጽፌ እንደጨረስኩ የቢሮዎ መኪና ከሞጣ መጥቶ ሰፈራችን ቆመ። እናትዎን እትዬ ውበቴን ለሕክምና ወደ ሞጣ እንዲወስዳቸውና ጥር እስኪያልቅ እርስዎ ዘንድ እንዲሰነብቱ ሾፌሩ ታዟል። እትዬ ውበቴ የማኅበራችን አባል መሆናቸውን እርስዎ አልረሱትም መሰለኝ። በኅዳሩ ጉባኤ ከሁሉ ቀድመው የተነሡት እሳቸው ነበሩ፤ ስማቸውን ከነአባታቸው ጠሩ፣ ያጨበጨብኩት ለየኔሰው ነው አሉ፣ ለፈንታነሽም እመሰክራለሁ ብለው ተቀመጡ። ጠበቃችን ምስክርነቱ ልጃቸውን ሊጎዳ እንደሚችል ሲያስጠነቅቋቸው፣ «ልጄ መሆኑን ከእናንተ አልሰማም» ብለዋቸዋል። ለሾፌሩ ምሳ አብልተው፣ አመስግነው፣ ሕመም የለብኝም ብለው መልሰውታል። ጉልበታቸው ግን ከድሮው ደክሟልና፣ ከቸርነትዎ ያንኑ መኪና ለቀጠሮው ቀን መልሰው ቢልኩላቸው፣ ፍርድ ቤቱ በር ድረስ ያደርሳቸዋል።